የቀለም አከፋፈልና የድምፅ ጫና በአማርኛ ጥምር ቃላት፦ የጉለሌ ክፍለ ከተማ የቦታ ስሞች እንደ ማሳያ

መግቢያ

«ጉለሌ ክፍለ ከተማ» የሚለው ስም በደብዳቤ ራስጌ፣ በማኅተምና በታፔላ ላይ በየዕለቱ ይነበባል። አንባቢው «ክፍለ» ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ሳድስ ፊደል ክን ከአናባቢ ጋር፣ ቀጥሎ ያለውን ሳድስ ፍን ደግሞ ያለ አናባቢ ያሰማል። «ክፍል» የሚለውን ቃል ለብቻው ሲያነብ ግን ፍም የራሱን አናባቢ ያገኛል። የተጻፈው ፍ በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፤ የሚሰማው ግን አንድ አይደለም። ለውጡን ያመጣው «ክፍል» ከ«ከተማ» ጋር መጣመሩ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ከዚህ ቀላል ምልከታ የሚነሣውን ጥያቄ ነው፦ ሁለት ቃላት ተጣምረው አንድ ቃል መሆናቸው በአማርኛ በጆሮ የሚታወቀው በምንድን ነው? በበርካታ የአውሮፓ ቋንቋዎች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ የድምፅ ጫና ነው። እዚህ የሚቀርበው መከራከሪያ ግን የአማርኛ ጥምር ቃል አንድነት በዋነኛነት በጫና እንደማይገለጽ፣ ይልቁንም በቀለማት ዳግም አከፋፈልና በቅጥያዎች አቀማመጥ እንደሚገለጽ ያሳያል። ማስረጃዎቹ በጉለሌና በአካባቢው ከሚነገሩ የቦታ ስሞችና ከተለመዱ ጥምር ቃላት የተወሰዱ ናቸው፤ መሠረታቸውም መደበኛው የአዲስ አበባ አነባበብ ነው።

በጽሑፉ ውስጥ «ቀለም» የሚባለው በአንድ አናባቢ ዙሪያ የሚሰባሰብ የንግግር አሐድ ነው። «የድምፅ ጫና» ደግሞ አንድ ቀለም ከጎረቤቶቹ ይልቅ በጉልህ እንዲሰማ የሚያደርገው የድምፅ ኃይል ነው። ከጥብቀት ጋር መምታታት የለበትም፤ ጥብቀት የተነባቢ ባሕርይ ሲሆን ጫና የቀለም ባሕርይ ነው።

ለንጽጽር፦ የደች ቋንቋ

በኔዘርላንድና በሰሜናዊ ቤልጂየም የሚነገረው ደች በጥምር ቃላት ብዛት የታወቀ ቋንቋ ነው። በዚህ ቋንቋ የጥምር ስም ዋና ጫና በአብዛኛው በመጀመሪያው አባል ላይ ይወድቃል። «ሆኸ ስኾል» ተብሎ ጫናው በሁለተኛው ቃል ላይ ሲያርፍ «ከፍ ያለ የትምህርት ቤት ሕንፃ» ማለት ይሆናል፤ ጫናው ወደ መጀመሪያው ሲመጣ ግን የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ዓይነት መጠሪያ ነው። የተለዩ ቃላትም አሉ፤ ከ«ከተማ» እና ከ«ቤት» የተጣመረውና ማዘጋጃ ቤት ማለት የሆነው ቃል ጫናውን የሚሸከመው በሁለተኛው አባል ላይ ነው።

ሁለተኛው የደች ባሕርይ የቀለም ድንበር በጥምሩ አባላት መካከል መጠበቁ ነው። ኸርት ቦይ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት የደች ሥነ ድምፅ መጽሐፍ እንዳብራሩት የጥምር ቃል እያንዳንዱ አባል ለቀለም አከፋፈል ራሱን የቻለ ክልል ነው። «ሃንድ»፣ ማለትም እጅ፣ የብዙ ቁጥር ቅጥያ ሲጨመርለት ደ ወደ ቀጣዩ ቀለም ተሻግሮ «ሃን-ደን» ይሆናል። «አርባይት» ከሚለው፣ ሥራ ከሚል ቃል ጋር ሲጣመር ግን ደ በቀለሙ መዝጊያነት ይቀራል፤ በደች ደግሞ ነዛሪ ድምፅ በመዝጊያነት ሲገኝ ንዝረቱን ስለሚያጣ «ሃንት-አርባይት» ተብሎ ይነገራል። በንዝረቱ መጥፋት ድንበሩ ይታወቃል።

ይህ ጥብቅነት ትርጉምን እስከ መለየት ይደርሳል። «ክዋርትስላኸን» ተብሎ በአንድነት የሚጻፈው ቃል ሁለት ንባብ አለው። ድንበሩ ከት በኋላ ከሆነ «የሩብ ዙሮች» ይባላል፤ ከስ በኋላ ከሆነ ደግሞ «የኳርትዝ ድንጋይ ንጣፎች» ማለት ነው። በሁለቱም ንባብ ጫናው በመጀመሪያው አባል ላይ ስለሆነ ጫና ብቻውን አይለያቸውም፤ የሚለያቸው የድንበሩ ቦታ ነው። እንግዲህ ጫናና የቀለም ድንበር አብረው ቢሠሩም ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። አማርኛን በዚህ ሚዛን ማየት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

የአማርኛ ቀለምና ፊደሉ የማይነግረው

የአማርኛ ቀለም በአናባቢ ብቻ፣ በተነባቢና አናባቢ፣ ወይም በአንድ ወይም በሁለት ተነባቢዎች ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። በቀለም መጀመሪያ ላይ ግን ሁለት ተነባቢዎች ያለ አናባቢ መደርደራቸው የተለመደ አይደለም። ተነባቢዎች ከዚህ ሥርዓት ውጭ ሲከማቹ በሳድስ ፊደል የሚወከለው አጭር አናባቢ በመካከላቸው ይገባል፤ በሥነ ልሳን ጽሑፎች «ሰርጎ ገብ አናባቢ» ይባላል።

ፊደላችን ለዚህ ሥርዓት ሁለት መረጃዎችን አይሰጥም። አንደኛ፣ ሳድስ ፊደል አናባቢ ያለውን ድምፅም የሌለውንም ይወክላል። ሁለተኛ፣ ጥብቀትን አያመለክትም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ የጊዜ ተውሳከ ግሥ፣ ጠብቆ ሲነበብ የበዓል ስም ነው፤ «ዋና» ላልቶ በውኃ ላይ የሚደረግ እንቅስቃሴ፣ ጠብቆ «ዐቢይ» ማለት ነው። የጠበቀ ተነባቢ ሁለት ቀለማትን ይጋራል፤ ግማሹ የፊተኛው መዝጊያ፣ ግማሹ የኋለኛው መነሻ ይሆናል። ስለዚህ የበዓሉ ስም «ገን·ና» ተብሎ ይከፈላል፤ ተውሳከ ግሡ «ገ·ና» ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ የቀለማት ድንበር በነጥብ (·) ይመለከታል። በነጥቦች መካከል ባለ አንድ ክፍል ውስጥ በመጀመሪያ ላይ የሚገኝ ሳድስ ከአናባቢ ጋር፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጡ ሳድሶች ያለ አናባቢ ይነበባሉ። የጠበቀ ተነባቢ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። በዚህ ስምምነት መሠረት «አዲስ» የሚለው «አድ·ዲስ»፣ «ትምህርት» የሚለው ደግሞ በጥንቃቄ ንባብ «ትም·ህርት» ይሆናል። ነጥቡ ሲጨመር ፊደሉ የደበቀው ሁሉ ይገለጣል።

ተናባቢ ጥምሮች

ከግዕዝ የተወረሰው የአጣማመር ስልት የመጀመሪያውን ስም መድረሻ ወደ ግዕዝ ድምፅ ይለውጣል። «ቤት» ከ«መንግሥት» ጋር ሲናበብ «ቤተ መንግሥት» ይሆናል። በግዕዝ ሰዋስው ትምህርት ይህ መናበብ ይባላል፤ የቃላቱን ዝምድና የሚያሳየውም የመጀመሪያው ቃል መድረሻ ነው። ስልቱ ዛሬም አዳዲስ ስያሜዎችን ይወልዳል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ቻርተር አዋጅ ቁጥር 361 የሚጠቀምበት «ክፍለ ከተማ» ራሱ የዚህ ምሳሌ ነው።

አጣማሪው አናባቢ ከትርጉም ዝምድና ባሻገር የቀለም ሥራ ይሠራል። የሚከተሉት ጥንዶች ይህን ያሳያሉ፦

«ክፍል» ለብቻው «ክ·ፍል»፤ በጥምር «ክፍ·ለ·ከ·ተ·ማ»።
«ደብር» ለብቻው «ደ·ብር»፤ በጥምር «ደብ·ረ·ሰ·ላም»።
«እግር» ለብቻው «እ·ግር»፤ በጥምር «እግ·ረ·መን·ገድ»።
«ፍርድ» ለብቻው አንድ ቀለም፤ «ፍርደ ገምድል» በሚለው ግን «ፍር·ደ·ገም·ድል»።
«እጅ» ለብቻው በጠበቀ መድረሻ አንድ ቀለም፤ በጥምር «እጅ·ጀ·ጠብ·ባብ»።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥንዶች የሆነው ነገር አንድ ነው። ቃሉ ለብቻው ሲቆም በመድረሻው ሁለት ተነባቢዎች መካከል ሰርጎ ገብ አናባቢ ይገኛል። አጣማሪው አናባቢ ሲመጣ የመጨረሻው ተነባቢ የአዲስ ቀለም መነሻ ይሆናል፤ ከእርሱ በፊት ያለው የቀደመውን ቀለም ይዘጋል፤ ሰርጎ ገቡም ሥራ ስለሌለው ይቀራል። የቀለማት ቁጥር አልተለወጠም፤ ድንበሩ ግን ተዛውሯል። የቀጨኔን ደብረ ሰላም መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ስም በትክክል የሚጠራ ሰው ሁሉ ይህን ሥርዓት ሳያስተውለው ይፈጽመዋል። አራተኛውና አምስተኛው ምሳሌ አንድን ቀለም ሁለት ያደርጋሉ፤ በአምስተኛው ደግሞ በ«እጅ» መጨረሻ እምብዛም የማይጎላው ጥብቀት በግልጽ ይሰማል። በሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ገበያ «እጀ ጠባብ» የሚለውን ስም የሚሰማ ሁሉ ይህን ጥብቀት ይሰማል።

«ቤተ ክርስቲያን» አንድ እርምጃ ይቀድማል። በተለመደው አነጋገር ስሙ «ቤ·ተክ·ርስ·ቲ·ያን» ተብሎ ይከፈላል። የሁለተኛው ቃል የመጀመሪያ ተነባቢ ክ ወደ ኋላ ተስቦ የአጣማሪውን አናባቢ ቀለም ዘግቷል። በዓይን ሲታይ ድንበሩ ከተ በኋላ ነው፤ በጆሮ ሲሰማ ከክ በኋላ ነው። ደች በጥምር አባላቱ መካከል የሚጠብቀው ድንበር እዚህ ተሽሯል።

ድንበር የሚሻገሩ ድምፆች

ሁለተኛው አባል በአናባቢ ሲጀምር መሻገሩ የበለጠ ይጎላል። የከተማይቱ ስም በሁለት ቃላት ይጻፋል፤ ሲነገር ግን «አድ·ዲ·ሳ·በ·ባ» ነው። የ«አዲስ» መድረሻ ሰ የ«አበባ»ን የመጀመሪያ አናባቢ ተሸክሞ የቀለም መነሻ ሆኗል። በፈጣን ንግግር የሚሰማው «አዲሳባ» የዚሁ ሂደት ቀጣይ ደረጃ ነው። «ሆድ ዕቃ» በተመሳሳይ «ሆ·ድ·ቃ» ተብሎ ይሰማል፤ ድ የ«ዕቃ»ን አናባቢ ወርሷል። በደች «ሃንት-አርባይት» ላይ ያየነው መዘጋት እዚህ የለም።

ሁለት አናባቢዎች ሲገናኙ ከሁለቱ አንዱ ይሰለቀጣል፤ ወይም በመካከላቸው መሸጋገሪያ ድምፅ ይገባል። «ባለ» እና «አገር» ተጣምረው «ባ·ላ·ገር»፣ «ባለ» እና «አባት» ተጣምረው «ባ·ላብ·ባት» ሆነዋል። «ምን» እና «አልባት» የወለዱት «ም·ናል·ባት» ደግሞ ነ ድንበር መሻገሩን በጽሕፈቱ ራሱ አጽድቋል። የእንጦጦ ማርያም ማዕረግ የሆነው «ርዕሰ አድባራት» ሳይቆራረጥ ሲነገር ሰ እና አ ተዋሕደው «ሳድ» የሚል አንድ ቀለም ይወጣቸዋል። «መድኃኔዓለም» በሚለው ስም በኔ እና በዓ መካከል የየ ድምፅ ገብቶ «መድ·ኃ·ኔ·ያ·ለም» ይሰማል። በግዕዝ ዓ የጉሮሮ ተነባቢ ስለነበረ የራሱን ቀለም መነሻ ይዞ ይቆም ነበር፤ በአማርኛ ያ ተነባቢ በመጥፋቱ በቦታው ሌላ መሸጋገሪያ አስፈልጓል። የጽሕፈቱ ዓ የቀድሞው ድንበር መታሰቢያ ሆኖ ቀርቷል።

ጫናና የቅጥያ ቦታ

የአማርኛ ጫና ደካማ መሆኑና በቀለማት ላይ በተቀራራቢ መጠን መከፋፈሉ በአማርኛ ሰዋስው ጥናት በስፋት የታወቀ ነው። በጫና ቦታ ብቻ የሚለዩ የአማርኛ ቃላት ጥንድ ከጥብቀት ጥንዶች ጋር የሚመጣጠን ሥራ የለውም። ጎላ ብሎ የሚሰማው ቀለም ብዙውን ጊዜ የተዘጋው፣ በተለይም በጠበቀ ተነባቢ የተዘጋው ነው። ስለዚህ በ«እጀ ጠባብ» ውስጥ ጆሮን የሚስበው በጥምሩ አባላት ቅደም ተከተል ሳይሆን በቀለማቱ ክብደት ይወሰናል።

ይህ ማለት ጫና ለኢትዮጵያ የቋንቋ ትምህርት ባዕድ ነው ማለት አይደለም። የግዕዝ ንባብ ትምህርት ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ በማለት ድምፅ የሚነሣበትንና የሚወድቅበትን ቦታ ለይቶ ያስተምራል፤ የቃሉ መድረሻ ሳድስ መሆን አለመሆኑንም ለአከፋፈሉ መሠረት ያደርጋል። ተማሪው ንባቡ የሚታረምለት በመምህሩ ጆሮ ነው። አማርኛ ከዚህ ትምህርት የመናበብን ስልት በሰፊው ሲወርስ የንባቡን የጫና ሥርዓት ግን ቃል ለመለያ አላዋለውም።

ታዲያ አማርኛ ሐረግን ከጥምር ቃል የሚለየው በምንድን ነው? «ጥቁር ሰሌዳ» ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ቀለሙ ጥቁር የሆነ ማንኛውም ሰሌዳ፣ ወይም የመማሪያ ክፍል መሣሪያ። ደች በእንዲህ ያለ ቦታ ጫናን ያዛውራል፤ አማርኛ ቅጥያን ያዛውራል። «ጥቁሩ ሰሌዳ» ሐረግ ነው፤ «ጥቁር ሰሌዳው» ጥምር ቃል ነው።

ከጉለሌ ሰፈሮች አንዱ የሆነው «አዲሱ ገበያ» ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ይሰጣል። ስሙ በውስጡ የእሙርነት ቅጥያ ኡን ይዟል፤ ስለዚህ በመነሻው «አዲስ የሆነው ያ ገበያ» የሚል ሐረግ ነው። የተሳቢ አመልካች የሆነው ን ሲጨመር ግን ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ይፈጠራሉ፦

«አዲሱን ገበያ ጎበኘ» (ቅርቡን የተሠራ ማንኛውም ገበያ ሊሆን ይችላል)።
«አዲሱ ገበያን አልፎ ሄደ» (ሰፈሩ ነው)።

የመጀመሪያው «አድ·ዲ·ሱን·ገ·በ·ያ»፣ ሁለተኛው «አድ·ዲ·ሱ·ገ·በ·ያን» ተብሎ ይከፈላል። ሁለቱም ስድስት ቀለማት አሏቸው፤ ተነባቢዎቻቸውና አናባቢዎቻቸውም አንድ ናቸው። የተለወጠው ን የዘጋው ቀለም ነው። በሐረጉ ሦስተኛው ቀለም፣ በስሙ ስድስተኛው ቀለም ተዘግቷል። ደች «ሆኸ ስኾል» ላይ በጫና የሚሠራውን ሥራ አማርኛ እዚህ በአንድ መዝጊያ ተነባቢ ሠርቷል።

ያለ አጣማሪ አናባቢ ጎን ለጎን የተቀመጡ ስሞችም በዚሁ ፈተና ይታወቃሉ። «ሽሮ ሜዳ» አራት ክፍት ቀለማት (ሽ·ሮ·ሜ·ዳ) ስላሉት በመጣመሩ የተነሣ የተዛወረ ድንበር የለውም፤ አንድ ስም መሆኑን የሚናገረው «ሽሮ ሜዳን» ሲባል ን በመጨረሻው ላይ ብቻ መቀመጡ ነው። «ድል በር» ደግሞ «ድል በርን» ሲባል የ«በር» ጥብቀት ይገለጥና «ድል·በር·ርን» ይሆናል። የብዙ ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ «ፍርድ ቤቶች» እና «ትምህርት ቤቶች» እንላለን እንጂ ቅጥያውን በመጀመሪያው ቃል ላይ አናደርግም።

የአጻጻፍና የንባብ ጉዳይ

ይህ ትንታኔ ተግባራዊ መዘዝ አለው። ጽሕፈትን ወደ ድምፅ የሚቀይር ፕሮግራም «ክፍል»ን ከመዝገበ ቃላት «ክ·ፍል» ብሎ ተምሮ መድረሻውን ብቻ ቢለውጥ «ክ·ፍ·ለ» የሚል ሦስት ቀለም ያለው፣ ማንም የማይናገረው ቃል ያወጣል። «ክ/ከተማ» የሚለውን ምሕጻር ሲያገኝ ደግሞ የጎደለውን ክፍል ከነአጣማሪ አናባቢው መመለስ ይኖርበታል። «ክ/ከተማ»፣ «ት/ቤት»፣ «ፍ/ቤት» እና «ቤ/ክርስቲያን» ሁሉም የመጀመሪያውን አባል አሳጥረው ሁለተኛውን በሙሉ ይጽፋሉ። ይህ ልማድ ብቻውን የሥነ ድምፅ ማስረጃ አይሆንም፤ ይሁን እንጂ ጸሐፊው የመጀመሪያውን አባል ከአጠቃላዩ ስም በቀላሉ መልሶ የሚያገኘው አድርጎ እንደሚቆጥረው ፍንጭ ይሰጣል።

በአንድ ቃል መጻፍ ወይም መነጠልም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። «ምናልባት»፣ «ባላገር» እና «ቤተሰብ» በአንድነት ይጻፋሉ፤ «ቤተ መንግሥት» ብዙ ጊዜ ተነጥሎ፣ አንዳንዴም ተገጥሞ ይታያል። «እንደራሴ» ሲገጠም የሹመት ስም ነው፤ ሲነጠል «እንደ ራሴ» ማለት ነው፤ የቀለማቱ አከፋፈል በሁለቱም «እን·ደ·ራ·ሴ» ስለሆነ ልዩነቱን የሚሸከመው በጽሕፈት ክፍት ቦታው፣ በንግግር አገባቡ ነው። ወጥ የሆነ የአጻጻፍ ደንብ ሲታሰብ ድንበሩ የተሻረባቸውን ጥምሮች ከተጠበቀባቸው ለይቶ መያዝ ተገቢ ነው።

የጽሕፈት ሥርዓቶች ንጽጽርም ይህን ያጠናክራል። ክፍለ ከተማው የተሰየመበት የጉለሌ ስም የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ መጠሪያ ነው። በቁቤ ሲጻፍ ሁለቱም የለ ድምፆች ተደርበው፣ የመጨረሻው አናባቢም ረዝሞ ይመዘገባል፤ በፊደል ሲጻፍ ሦስቱም መረጃዎች ለአንባቢው ዕውቀት ይተዋሉ። «ክፍለ»ን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰውም ለክ አናባቢ ሰጥቶ ለፍ ሲነፍግ ሳያውቀው የቀለም ትንታኔ አድርጓል።

ጉዳዩ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ከሁሉ በላይ ይከብዳል። በጉለሌ አማርኛን ከእናቱ ያልተማረ ልጅ ብዙ ነው፤ ኦሮምኛ የሚናገሩ ቤተሰቦች አሉ፤ የሽሮ ሜዳ ሽመና ከጋሞ ከመጡ ቤተሰቦች ጋር የተሳሰረ ነው። አማርኛን በቤቱ የሰማ ልጅ «ክፍል» እና «ክፍለ»ን ጆሮው ይመራዋል። ሌላው ልጅ ያለው ፊደሉ ብቻ ነው፤ ፊደሉ ደግሞ ድንበሩን አይነግረውም። ይህ ልጅ «ክ·ፍ·ለ» ብሎ ሲያነብ የተማረውን ፊደል በታማኝነት ተከትሎ እንጂ ሰንፎ አይደለም።

ማጠቃለያ

የደች ጥምር ቃል አንድነቱን በጫና ያውጃል፤ የአባላቱንም የቀለም ድንበር ይጠብቃል። የአማርኛ ጥምር ቃል ጫናን ለዚህ ሥራ አያውልም። በተናባቢ ጥምሮች ሰርጎ ገብ አናባቢን አስቀርቶ ድንበሩን ያዛውራል፤ አናባቢ በሚጀምር ሁለተኛ አባል ፊት ተነባቢን ያሻግራል፤ ድንበሩ ባለበት በሚቀርባቸው ስሞች ደግሞ አንድነቱን በቅጥያው መጨረሻ ላይ መቀመጥ ያሳያል። ከዚህ በመነሣት ሦስት ተግባራት ይከተላሉ። የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለተናባቢ ጥምር የመጀመሪያ አባላት ለብቻው ከቆመው ቃል የተለየ የንባብ ምልክት ሊሰጡ ይገባል። የንግግር ቴክኖሎጂ አዘጋጆች ጥምር ቃልን በሁለት ቃላት ድምር ሳይሆን በራሱ ንባብ መመዝገብ አለባቸው። የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ትምህርት ደግሞ «ክፍል፣ ክፍሉ፣ ክፍለ ከተማ»ን የመሰሉ ተከታታዮችን በአንድነት አቅርቦ ተማሪው ቀለማቱን በጭብጨባ እየለየ እንዲያነብ ቢያደርግ፣ ፊደሉ የማይሰጠውን መረጃ መምህሩ ይሰጣል። በጫና ላይ የሚቀርበው ሐሳብ «አዲሱን ገበያ» እና «አዲሱ ገበያን»ን በመሰሉ ጥንዶች ላይ በድምፅ መለኪያ መሣሪያ ቢፈተን፣ የተዘጋው ቀለም በርዝመትና በኃይል ምን ያህል እንደሚጎላ በቁጥር ማስቀመጥ ይቻላል።